ነፋሱ አያታላችሁ፦ ጎንደር ላይ የፀሐይን ዩቪ ለመለካት

ጎንደር ቀዝቀዝ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ጥር ላይ ፒያሳ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላችሁ ማኪያቶ ስትጠጡ ነፋሱ ሽው ይላል፣ ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ጥላ የሚፈልግ ሰው የለም። ማታ ቤት ስትገቡ ግን ግንባራችሁ ይለበልባል፣ ዐይናችሁ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራችኋል። ቀኑ እኮ አልሞቀም ነበር! ሙቀትን ቆዳችን ወዲያው ያውቀዋል። አልትራቫዮሌት ጨረርን (ከዚህ በኋላ ዩቪ እያልኩ እቀጥላለሁ) ዐይናችን አያየው፣ ቆዳችንም ሲመታው አይሰማው። ቴርሞሜትርም አይነግረንም። የራሱ መለኪያ ያስፈልገዋል።

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህን የምጽፈው ከተማሪዎቼ ጋር ጣሪያ ላይ መለኪያ ተክለን፣ ተሳስተን፣ ነቅለን፣ እንደገና ተክለን ስለተማርን ነው። መሣሪያው ውድ ነው። ያሳሳተን ግን ብዙውን ጊዜ ውድ የሆነው ክፍል አልነበረም። ውሃ ልክ፣ ሰዓት እና አቧራ ነበሩ።

ምኑን ነው የምትለኩት?

ዩቪ አንድ ነገር አይደለም። ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው ዩቪ-ኤ፣ ከ280 እስከ 315 ያለው ዩቪ-ቢ ይባላል። ከ280 በታች ያለው ዩቪ-ሲ ከባቢ አየሩ ላይ ተውጦ ስለሚቀር መሬት አይደርስም። ከሚደርሰን ዩቪ እጅግ የሚበዛው ዩቪ-ኤ ነው። ቆዳን በማቃጠል ግን ጥቂቱ ዩቪ-ቢ ይበልጣል።

ስለዚህ ጠቅላላውን ኃይል ለክቶ «ዛሬ ይህን ያህል ዩቪ አለ» ማለት ለጤና ብዙ አይጠቅምም። እያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ቆዳን በሚያቀላበት መጠን ተመዝኖ ይደመራል። የተመዘነው ድምር በዋት በካሬ ሜትር ሆኖ በ40 ሲባዛ የዩቪ ኢንዴክስ ይሰጣል። 1 ኢንዴክስ ማለት 0.025 ዋት በካሬ ሜትር ነው። ኢንዴክሱን እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመሩት ካናዳውያን ናቸው፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። እስከ 2 ዝቅተኛ፣ ከ3 እስከ 5 መካከለኛ፣ 6 እና 7 ከፍተኛ፣ ከ8 እስከ 10 በጣም ከፍተኛ ነው። 11 እና ከዚያ በላይ የመጨረሻው እርከን ነው። እኛ ከተማ ጥርት ባለ የእኩለ ቀን ሰማይ 11ን ማለፍ ብርቅ አይደለም።

መሣሪያ ስትመርጡ

ትልቁ መሣሪያ ጨረሩን በየሞገድ ርዝመቱ በትኖ የሚያነበው ስፔክትሮራዲዮሜትር ነው። ዋጋው አይቀመስም፣ ሁልጊዜ የሚከታተለው ሰውም ይፈልጋል። ስለ እሱ ሌላ ቀን። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጥናት ወይም ለአየር ሁኔታ ጣቢያ የሚሆነው ጠቅላላ የዩቪ ራዲዮሜትር ነው። ውስጡ ያለው ማጣሪያ የቆዳን ምላሽ እንዲመስል ተደርጎ ይሠራል። ቋሚ ሆኖ ጣሪያ ላይ ይተከላል፣ ንባቡን በራሱ በሚያስቀምጥ መዝጋቢ (ሎገር) ይመዘግባል። ሦስተኛው በእጅ የሚያዘው ትንሹ ነው፤ ቁልፉን ስትጫኑ ኢንዴክሱን ያሳያችኋል።

ከዚህ ሌላ በጥቂት ብር የሚገዙ የኤሌክትሮኒክስ ሴንሰሮች አሉ። ለክፍል ሙከራ ጥሩ ናቸው። በእነሱ ቁጥር ግን ለሰው ምክር አትስጡ። አብዛኞቹ በዋናነት ዩቪ-ኤን ነው የሚያዩት፤ ኢንዴክሱን የሚያወጡት በግምት ነው። እኛም መጀመሪያ አንዱን ገዝተን በኩራት ሰቅለን ነበር። ጉዱ የወጣው በአንድ የተሰበረ የመስኮት መስታወት ነው።

ይህን ሙከራ እናንተም አድርጉት፤ ወጪ የለውም። እኩለ ቀን ላይ መለኪያውን ፀሐይ ላይ አድርጉና ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ ተራ የመስኮት መስታወት ከላዩ ያዙ። ተራ መስታወት ዩቪ-ቢን ይዞ ያስቀራል፣ ከዩቪ-ኤው ደግሞ ብዙውን ያሳልፋል። ስለዚህ መለኪያው እውነተኛ የኢንዴክስ መለኪያ ከሆነ ቁጥሩ ጭልጥ ብሎ መውረድ አለበት፤ 10 የነበረው ወደ 1 አካባቢ ይመጣል። የእኛ ርካሹ ሴንሰር ከ9 ወደ 7 ብቻ ወረደ። እንደ ዩቪ-ኤ መለኪያ ቢሸጡልን ኖሮ ባልከፋን። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ግን «የዩቪ ኢንዴክስ» ነበር።

ሰርተፊኬቱን አንብቡት

ካሊብሬት የተደረገ (ከታወቀ ማጣቀሻ ጋር ተመሳክሮ የተስተካከለ) መሣሪያ ስትረከቡ አብሮ ወረቀት ይመጣል። ብዙ ሰው ፋይል ውስጥ ከትቶ ይረሳዋል። ወረቀቱ ከሌለ ጣሪያ ላይ የተከላችሁት ቮልቴጅ የሚሰጥ ጌጥ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለው መለያ ቁጥር መሣሪያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ቀጥሎ ቀኑን። የዩቪ ማጣሪያ በፀሐይ ብዛት ስለሚያረጅ ካሊብሬሽኑ በየዓመቱ፣ ቢዘገይ በየሁለት ዓመቱ መታደስ አለበት። ከዚያ አንድ ቮልት ስንት ዋት በካሬ ሜትር እንደሆነ የሚናገረውን ቁጥር ፈልጉ። የእርግጠኝነት ገደቡንም አትለፉት። በደንብ የተያዘ የዚህ ዓይነት መሣሪያ ከ5 እስከ 10 ከመቶ ስህተት ይኖረዋል። «ዛሬ 12.37 ነው» ብሎ መጻፍ እንግዲህ ቀልድ ነው። 12 በሉት።

ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው የማረሚያ ሠንጠረዡ ነው። የመሣሪያው ማጣሪያ የሰውን ቆዳ ቁርጥ አድርጎ አይመስልም። በመሆኑም የፀሐይ ማዕዘንና በላያችን ያለው የኦዞን መጠን ሲለዋወጥ ስህተቱም ይለዋወጣል። ብዙ ሰርተፊኬቶች ዋናውን ቁጥር የሚሰጡት ለ300 ዶብሰን (የኦዞን መጠን መለኪያ አሃድ ነው) ኦዞን ነው። በእኛ ኬክሮስ ያለው ኦዞን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ለአውሮፓ ሰማይ የተሰጠውን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ። ከሠንጠረዡ ለእናንተ ኦዞን የሚሆነውን ረድፍ ምረጡ። የዕለቱን ኦዞን ከሳተላይት በነፃ ታገኛላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተላከው ሴንቲኔል-5ፒ ይህን ይለካል።

ካሊብሬሽኑ የት ነው የሚሠራው? የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የዩቪ ካሊብሬሽን ማዕከል ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ውስጥ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ኃይላቸው በታወቀ 1,000 ዋት መብራቶች ይሠራል፤ ደጅ ደግሞ ከማጣቀሻ መሣሪያ ጎን ለጎን ቁመው ፀሐይ ላይ ይነጻጸራሉ። አምራቾችም ይህንኑ የሚመስል ሥራ ይሰጣሉ።

ቦታ መምረጥ

ሰማዩ ዙሪያውን መታየት አለበት። ምክንያቱም ዩቪ-ቢ ላይ ግማሽ ያህሉ ከፀሐይዋ በቀጥታ ሳይሆን ከሰማያዊው ሰማይ ተበትኖ ነው የሚመጣው። ባህር ዛፍ፣ የጎረቤት ፎቅ፣ የቴሌ ማማ ሰማዩን ከቆረጠባችሁ ፀሐይዋ ባትከለልም ቁጥራችሁ ይቀንሳል። ከአድማስ 10 ዲግሪ በላይ የሚወጣ ነገር ባይኖር ይመረጣል። ጎንደር በተራራ የተከበበች ስለሆነች ሁሉንም ማምለጥ አይቻልም። የቀረውን በፎቶ መዝግባችሁ ያዙ።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስትተክሉ ደግሞ ሴንሰሩ ከቆርቆሮው ሁሉ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። እኛ የመጀመሪያውን የተከልነው ከአዲስ ቆርቆሮ ዝቅ ብሎ፣ ከሮቶው አጠገብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ 9 ሰዓት አካባቢ ግራፉ ላይ ትንሽ ጉብታ ይወጣል። ሁለት ሳምንት ስለ ኦዞን ስንፈላሰፍ ከረምን። የቆርቆሮው ነጸብራቅ ነበር።

አተካከል

1. ማቆሚያውን አጥብቁ። ነፋስ የሚያወዛውዘው የቀጭን ብረት ጫፍ አይሆንም። በሲሚንቶ የተያዘ ቧንቧ ጥሩ ነው።

2. መሣሪያው ላይ ያለችውን ክብ ውሃ ልክ አይታችሁ በሦስቱ ብሎኖች አስተካክሉ። አረፋዋ መሃል ትግባ። 1 ዲግሪ ማጋደል ቀላል ይመስላል። ፀሐይ ከአናት 60 ዲግሪ ርቃ ሳለ ግን በቀጥታ በሚመጣው ጨረር ላይ 3 ከመቶ ስህተት ያመጣል። ጠዋት ላይ ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ የሚል ግራፍ ካያችሁ መጀመሪያ አረፋዋን እዩ።

3. ገመዱ የሚወጣበትን አቅጣጫ ምልክት አድርጉበት። የውጭ መመሪያዎች «ገመዱን ወደ ሰሜን አዙሩ፤ ፀሐይ እንዳታገኘው» ይላሉ። ለጎንደር ይህ በግማሽ ነው የሚሠራው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። ዋናው ነገር አንድ አቅጣጫ መርጦ አለመቀየር ነው።

4. ኤሌክትሪኩን ከባትሪ ጋር አገናኙ። መብራት ጠፋ ብሎ ፀሐይ አታርፍም። የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው መሣሪያ ደግሞ መብራት ሲመለስ እስኪረጋጋ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ያንን ግማሽ ሰዓት ከመዝገብ አውጡት።

5. ወፍ እንዳያርፍበት ዙሪያውን ቀጫጭን ሽቦ አቁሙ፤ ከሴንሰሩ አንገት ግን አይብለጥ። እርግብ የሴንሰሩን ጉልላት እንደ መቀመጫ ነው የምታየው። ከመቀመጥም አልፋ የምትተወው ነገር አለ።

ሰዓቱ

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ በጣም የምንሳሳተው እዚህ ነው።

ሎገሩ ሲገዛ በግሪንዊች ሰዓት ተስተካክሎ ይመጣል። ኮምፒውተሩ የምሥራቅ አፍሪካን ይዟል። ተማሪው ደብተሩ ላይ የሚጽፈው በሐበሻ ነው። ሦስት ሰዓት ለአንድ ቅጽበት! ቀትር 6፡30 በሐበሻ፣ ኮምፒውተሩ ላይ 12፡30፣ ሎገሩ ላይ 9፡30 ነው። አንድ ተማሪዬ የጎንደር ዩቪ «ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከፍተኛ ይሆናል» ብሎ ሪፖርት አቀረበ። የሎገሩን 9፡30 የፈረንጅ ሰዓት መስሎት ወደ ሐበሻ ገልብጦት ነው። ልጁ ሒሳቡን አልሳተም፤ መነሻውን ነው የሳተው።

መፍትሔው፦ ፋይሉ ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ ይኑር፤ ግሪንዊች ቢሆን ይሻላል። ዓምዱ አናት ላይ የትኛው ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ። ለሰው ስታወሩ ብቻ ወደ ሐበሻ ቀይሩት። ቀኑንም እንዲሁ።

ሌላም አለ። ፀሐይ ጎንደር ላይ መሃል የምትደርሰው 6 ሰዓት ላይ አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተቀመጠው 45 ዲግሪ ምሥራቅን ይዞ ነው፤ ጎንደር ያለችው 37 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ ፀሐይዋ ግማሽ ሰዓት ትዘገይብናለች። እንደ ወቅቱም ትዋዥቃለች፤ ጥቅምት መጨረሻ 6፡14 ገደማ፣ የካቲት መጀመሪያ 6፡44 ገደማ። ይህ ለፍተሻ በጣም ይጠቅማል። ደመና በሌለበት ቀን የግራፋችሁ ጫፍ ከዚህ ሰዓት ከራቀ ወይ ሰዓታችሁ ተሳስቷል ወይ መሣሪያችሁ አጋድሏል።

ስሌቱ

ከሎገሩ የሚመጣው ቮልቴጅ ነው። መጀመሪያ የሌሊቱን ንባብ ቀንሱ። ሌሊት ዩቪ የለም፤ መሣሪያው ግን ትንሽ ቁጥር ያሳያል። ከሌሊቱ 5 እስከ 9 ሰዓት ያለውን አማካይ ውሰዱ።

ለምሳሌ ቀን 1.520 ቮልት፣ ሌሊት 0.020 ቮልት አነበባችሁ እንበል። ልዩነቱ 1.500 ነው። ሰርተፊኬቱ ለአንድ ቮልት 0.2 ዋት በካሬ ሜትር ካለ 0.300 ይሆናል። ለዕለቱ ኦዞንና ለፀሐይዋ ማዕዘን ሠንጠረዡ 1.05 ቢላችሁ 0.315 ታገኛላችሁ። በ40 ስታባዙት 12.6፣ ማለትም 13። አለቀ።

ከዚያ በግምት አመሳክሩት። ደመናና አቧራ በሌለበት ሰማይ፣ በባሕር ወለል ላይ የሚሠራ ቀላል ቀመር አለ። ፀሐይ ከአናት የራቀችበትን ማዕዘን ኮሳይን ወደ 2.42 ኃይል አንሡ፣ በ12.5 አባዙ። ኦዞኑን ለ300 አካፍላችሁ ወደ ነጌቲቭ 1.23 ኃይል አንሡና እሱንም አባዙ። በጥምቀት ዕለት ቀትር ፀሐይዋ ከአናታችን 33 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። ኦዞኑን 260 ብንል ውጤቱ 10 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከ10 እስከ 12 ከመቶ ስለሚጨመር ለጎንደር ወደ 12 ይጠጋል። እንግዲህ ጥር ላይ፣ ቅዝቃዜው ገና ሳይለቅ፣ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ያ ሁሉ ሕዝብ የሚቆመው በዚህ ውስጥ ነው። መሣሪያችሁ በእንዲህ ያለ ቀን 4 ወይም 25 ካለ ቀመሩን አትጠራጠሩ፤ መሣሪያውን ፈትሹ።

ክረምት ላይ ግን ቀመሩን ተዉት። ነሐሴ ላይ ፀሐይ በአናታችን ብታልፍም ደመናው ይይዛታል። ደመናው የተቆራረጠ ሲሆን ደግሞ የደመናው ጠርዝ ጨረር ይጨምርና ለጥቂት ደቂቃ ጥርት ካለው ቀን የሚበልጥ ቁጥር ታያላችሁ። ስህተት መስሏችሁ እንዳትሰርዙት።

በእጅ በሚያዘው ስትለኩ

ሴንሰሩን ወደ ፀሐይዋ አታነጣጥሩ። ኢንዴክስ የሚለካው አግድም ለተኛ ገጽ ነው፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ሽቅብ ወደ ሰማይ ይይ። ራሳችሁንና ባርኔጣችሁን ከሰማዩ አርቁ። ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ ከለበሳችሁ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ሦስት ጊዜ አንብባችሁ መካከለኛውን ውሰዱ። መኪና ውስጥ መስታወቱ ሥር ትታችሁት አትሂዱ፤ ይግላል፣ ንባቡም ይዛባል።

አንድ የምወደው ሙከራ ጃንተከል ዋርካ ሥር መቆም ነው። መጀመሪያ ሜዳው ላይ ለኩ። ቀጥሎ ጃንጥላ ሥር፣ ቀጥሎ ዋርካው ሥር ገባ ብላችሁ። ጃንጥላው ፀሐይዋን ይጋርዳል፤ የጎኑ ሰማይ ግን እንዳለ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ተማሪ ከሚጠብቀው በላይ ሆኖ ይቀራል። ዋርካው ሰማዩንም አብሮ ስለሚሸፍን በደንብ ይወርዳል። የግቢያችን ዘበኛ ጋሼ ይህን ከነገርኳቸው ወዲህ ወንበራቸውን ከጃንጥላው ወደ ዛፉ ሥር አዛውረዋል። በየቀኑም «እሺ የኔታ፣ ዛሬ ስንት መታ?» ይሉኛል።

ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥቶ ማወዳደርም ያምራል። ግን ተጠንቀቁ። ደባርቅ ከጎንደር 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ይህ የሚጨምረው 8 ከመቶ ገደማ ነው። የእጅ መለኪያው ስህተት ራሱ 10 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ልጅ ጎንደር፣ ሌላው ደባርቅ በየራሱ መሣሪያ ለክቶ ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው። አንዱን መሣሪያ ይዛችሁ ሂዱ። በተከታታይ ጥርት ባሉ ቀናት፣ በዚያው ሰዓት ለኩ። ከተቻለ እስከ ሳንቃበር ዝለቁ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ልዩነቱ ከስህተቱ ወጣ ብሎ ይታያል።

ጥገና

ጉልላቱን በሳምንት ሁለቴ፣ በጋ ላይ ከተቻለ በየቀኑ ጠዋት ጥረጉ። ለስላሳ ጨርቅ በተጣራ ውሃ፣ ከጠነከረ በአልኮል። ሶፍት አትጠቀሙ፤ ይጭራል። ከመጥረጋችሁ በፊትና በኋላ ያለውን ንባብ ጻፉ፤ አቧራው ስንት እንደሚሰርቃችሁ ያሳያችኋል። ውስጡ ያለው እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄል ቀለሙን ከቀየረ ለውጡት፤ ካልሆነ ክረምት ላይ ጉልላቱ ከውስጥ ላብ ያወጣል። በረዶ ከጣለ በኋላ ጣሪያ ወጥታችሁ ጉልላቱ አለመሰንጠቁን እዩ።

አቅሙ ካላችሁ ሁለት መሣሪያ ግዙ። አንዱ ይሠራል። ሁለተኛው ጨለማ ቁምሳጥን ውስጥ ይተኛል፤ ፀሐይ ስለማያየው ብዙም አያረጅም። በዓመት ሁለቴ፣ ጥርት ባለ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና የአንዱን ንባብ ለሌላው አካፍሉ። ድርሻው ከባለፈው ከ5 ከመቶ በላይ ከተለወጠ ጣሪያ ላይ ያለው ለካሊብሬሽን ይሂድ።

ስትልኩት የተተከለበትን አቅጣጫና የአረፋዋን ፎቶ አንሡ። ለጊዜው ወጥቶ የሚመለስ መሣሪያ መሆኑን ጉምሩክ ላይ አስቀድማችሁ በሰነድ አስመዝግቡ። ይህን ያላደረገ ወዳጄ የራሱን ዕቃ እንደ አዲስ ቀረጥ ሊከፍልበት ነበር። ሲመለስ አዲሱን ቁጥር በአሮጌው ላይ አትጻፉበት። ሁለቱን ከነቀናቸው አስቀምጡ። ልዩነታቸው ትንሽ ካልሆነ በመሃል ያለውን መረጃ በቀናቱ መጠን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ቀስ በቀስ እያሸጋገራችሁ አስሉት። ጥሬውን ቮልቴጅ ካልሰረዛችሁት ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ የኤክሴል ሥራ ነው።